ሐዋሳ ላይ ሰርግ፣ ላንጋኖ ላይ እንቅልፍ

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአዳማ ሰርግ ማታ ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። የዚያን ዕለት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ 14 ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ። ገብቼ ልጆቹን አጥቤ አለባብሼ፣ ፀጉር ቤት ተራ ጠብቄ፣ አዳማ ወርደን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቁጭ ሳልል ዋልኩ። በማግስቱ ሥራ አለ ብለን ማደር አልፈለግንም። ሞጆን አለፍ እንዳልን የፍጥነት መንገዱ ቀጥ ብሎ ይታየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ባለቤቴ ስሜን ጠርቶ ሲጮህና ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲፍቅ ነው። መሪውን የመለሰው እሱ ነው። ፍሬቻ አብርተን ዳር ቆምን። ልጆቹ ከኋላ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተደግፈው፣ ምንም ሳይሰሙ ተኝተዋል።

እዚያ እንደቆምን ብዙ ደቂቃ ማናችንም አልተነፈስንም። የጎማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የ2017ቱን የሐዋሳ ጉዞ ስጽፍ ከአዳማ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ወር ሲዘጋ አመሻለሁ፤ የስድስት ወሩ ሪፖርት ሲደርስ ደግሞ ቤቴን የማየው በጨለማ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ዘመዳችን ብዙ ነው፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ተዝካሩ ይደራረባል። ሰው ሲደግስ መቅረት፣ ሲያዝን አለመድረስ አይሆንልኝም። አባቴ ሲሞት ድንኳናችን ውስጥ ከእኛ ጋር ያደሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሩጫውንም አልተውም። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው፤ መጀመሪያ ሁለት የእግሩን ጣቶች፣ ቀጥሎ ዓይኑን፣ በመጨረሻ ኩላሊቱን። እኔም በ38 ዓመቴ ስመረመር ቁጥሩ ጫፍ ላይ ነው ተባልኩ። ሐኪሟ ለጊዜው መድኃኒት አላዘዘችልኝም፤ ተንቀሳቀሺ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ አጠር ያለውን፣ ቅዳሜ ረዘም ያለውን።

ጉዞውንም፣ ድግሱንም፣ ሩጫውንም ይዤ ነበር። ያልያዝኩት እንቅልፍን ብቻ ነው። ከሁሉም የተረፈው ሰዓት የእሱ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ የሚተርፍ ሰዓት ግን የለም።

በ2017 ዓ.ም. የታላቅ ወንድሜ ልጅ የካቲት 8 ቀን ሐዋሳ ላይ ልትዳር ሆነ። ሐዋሳ ያደግሁባት ከተማ ናት፤ አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ነው የገባው፤ እማዬም አሁን እዚያው ከወንድሜ ጋር ትኖራለች። ጥሪው የደረሰን ማታ፣ ራት ከበላን በኋላ፣ ከልጆቹ ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥለን እኔና ባለቤቴ ተቀመጥን። የአዳማውን ያመጣብን ሁሉንም በአንድ ቀን ውስጥ ላመጣጥን ማለቴ ነው። ስለዚህ ማመጣጠኑን ትተን ተራ አወጣን። ሐሙስ የመንገድ ነው። ዓርብ የማዕድ ቤት። ቅዳሜ የሙሽሪት። እሑድ የእማዬና የመልሱ። ሰኞ የእንቅልፍ። በባለተራው ቀን ላይ ሌላው ቢመጣ እንግዳ ነው፤ ይስተናገዳል እንጂ ቤቱን አይረከብም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ 20 ቀን አለኝ። ይህን ቀን ብዙዎቻችን በጉዳይ እየቆራረስን እንጨርሰዋለን፤ ግማሽ ቀን ለቀበሌ፣ አንድ ቀን ለትምህርት ቤት፣ ሁለት ቀን ለታመመ ዘመድ። አራት ቀን ጠየቅሁ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» በሚለው መስመር «ሰርግ እና ዕረፍት» ብዬ ጻፍኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ዕረፍት» የሚለውን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። እጄ ትንሽ ማመንታቱን አስታውሳለሁ።

ሐሙስ የካቲት 6፣ ጾመ ነነዌ ባለቀ ማግስት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወጣን። ሐሙስ የሩጫ ቀኔ ቢሆንም አልሮጥኩም፤ ቀኑ የመንገድ ነውና። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ ሳንቆም አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ገብተን እንኩራራበት ነበር። አሁን በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቆመን እንራመዳለን፤ በቆምን ቁጥር ሹፌር እንቀያየራለን። መቂ ላይ ከፍጥነት መንገዱ ወጣን፤ የወንድሜ ሚስት ሽንኩርት ጫኑልኝ ብላ ነበር። ሁለት ማዳበሪያ ገዛን። ባቱን ካለፍን በኋላ ያለው አሮጌው መንገድ ጋሪው፣ ከብቱ፣ ባጃጁ አብሮ የሚሄድበት ነው፤ እዚያ ላይ ያልደከመ ሹፌር ያስፈልጋል። ልጆቹ ሐይቅ ሲቆጥሩ ሄዱ። ቆቃ፣ ዝዋይ፣ በስተግራ ላንጋኖ፣ በስተቀኝ አብያታ። ሻላን ከመንገዱ ላይ ባያዩትም 266 ሜትር ጥልቀት አለው ስላቸው ትንሹ ልጄ «ስንት ፎቅ ይሆናል?» ብሎ ሻሸመኔ እስክንደርስ ሲያሰላ ቆየ። ሐዋሳ የገባነው ስድስት ሰዓት ተኩል ተጉዘን ነው። ከመኪና ስወርድ ወገቤን አላመመኝም። ለወትሮው ሰርግ ቤት የምደርሰው ደክሜ ስለነበር፣ ሰላምታው ራሱ ደስ የሚል መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ውኃው ወደ ከተማው እንዳይገባ የተሠራው ግድብ ጠዋት ጠዋት የሯጭና የእግረኛ መንገድ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያውም ዳገትና ቁልቁለት ለለመደ ሰው ሐዋሳ ላይ መሮጥ ሌላ ነገር ነው። ከተማዋ ያለችው 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። ትንፋሼ አልቆረጠም፤ እግሬ በራሱ ይሄዳል። ይህ ግን የሚሠራው ፀሐይ እስክትወጣ ነው፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ዋጋ ያስከፍላል። አሞራ ገደል ስደርስ አጥማጆቹ ከመረባቸው ቆሮሶ እየፈቱ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙ ይመስል አጠገባቸው ተደርድረው የዓሣውን አንጀት ይጠብቃሉ። 9 ኪሎ ሜትር ሮጬ ወደ ቤት ስመለስ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀኑ የማዕድ ቤት ሆነ። እትዬ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ከአዲስ አበባ ከሳምንት በፊት መጥተዋል። በቤተሰባችን ወጡ በእሳቸው እጅ ያልወጣ ሰርግ የለም፤ የእኔም፣ የእህቶቼም፣ የወንድሜም። ዕድሜያቸው 70 ነው። ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች በርጩማ ላይ ክብ ሠርተን ከመቂ የመጣውን ሽንኩርት ስንልጥና ስንከትፍ ዋልን። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ መጀመሪያ የሚበስለው ያለ ዘይት ነው፤ ውኃው መጦ ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ማማሰያው አይቆምም። የብረት ድስቱ ትልቅ ስለሆነ ለሁለት ተራ እየገባን ነው ያማሰልነው። ከዘጠኙ ኪሎ ሜትር ይልቅ ትከሻዬን የፈተነው ያ ማማሰያ ነው። ወገባችን የሚፈተንበት የጉልበት ሥራ ቢኖር የድግስ ማዕድ ቤት ነው፤ ይህን ሥራ ስፖርት ብሎ የሚቆጥር ሰው ግን አላውቅም፤ ሊቆጠር ይገባዋል።

ዕለቱ ዓርብ፣ ጾም ስለሆነ ወጡ አይቀመስም። እትዬ ክዳኑን ከፈት አድርገው ጎንበስ ይላሉ፤ እንፋሎቱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ያመጣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። «በርበሬው ገና ጥሬ ነው፤ ጨው ይቀረዋል» ይላሉ። ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሁሉ የገባው በዚያ ማሽተት ነው። ቅዳሜ ሲቀመስ አንዲት ቁንጥር ጨው አልጎደለውም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ገና ብዙ ሥራ ነበር። ዶሮው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ብልት እየሆነ ይታጠባል፤ እንጀራው ይቆጠራል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን አለብኝ፤ ማክሰኞ ደግሞ ልጆቼን አሳፍሬ የምነዳው እኔ ነኝ። እጄን ታጥቤ እትዬ ፊት ቆምኩ።

«እትዬ፣ እኔ ልተኛ ነው።»

ሴቶቹ ዝም አሉ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ድግስ ላይ የምትተኛው ስትታመም ነው፤ አለዚያ ሌሎቹ ከተኙ በኋላ ነው። እትዬም «አመመሽ?» አሉኝ።

አላመመኝም አልኳቸው። የአዳማውን ነገር ለእሳቸውም ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። እዚያው፣ ድስቱ አጠገብ፣ ባጭሩ ነገርኳቸው፤ ጎማውን፣ ልጆቹን፣ ባለቤቴ እንዴት እንደጮኸ። እትዬ ማማሰያውን ለአጠገባቸው ሴት ሰጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ምንም ሳይሉ አንድ በርጩማ አንስተው ከፊቴ ቀደሙ፤ ልጆቼ ወደተኙበት ክፍል ሄደው በሩ ላይ አስቀመጡትና ተቀመጡበት።

«ግቢ» አሉኝ።

ሌሊት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ፈልገው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ቁልፉ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። እትዬ «ልጅቷ ተኝታለች፤ ሌላ መላ ፈልጉ» ሲሏቸው በእንቅልፍ ልቤ ሰማሁ። መላ ተገኘ። ሰርጉም አልፈረሰም። እትዬ ግን ከበሩ ከተነሱ በኋላ ወደ ድስታቸው ተመልሰው ነው ያነጉት።

ቅዳሜ ስለ ሩጫ አላሰብኩም። ሙሽሪትን ያለበስናት እኔና እናቷ ነን፤ ቀሚሷ ከኋላ ሲዘጋ እናቷ ማልቀስ ስለጀመረች የመጨረሻዎቹን ቁልፎች እኔ ቆለፍኩ። ይህች ልጅ ስትወለድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከራከሩ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ወንድሜ እጇን ይዞ ሲያወጣት፣ ነቅቼ አየሁት። ነቅቼ ማየቴን ደግሜ ብናገር አይሰለቸኝም፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ብዙ ሰርጎች የማስታውሰው በፎቶ ነው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሰርግ ላይ ጉርሻ መመለስ አልችልም፤ አልፈልግምም። የሚያጎርሰኝ ሰው የሚሰጠኝ ከእንጀራ በላይ ነው። ጠዋት ቁርሴን በልቼ ስለምወጣ ርቦኝ አልደርስም፤ ለስላሳ መጠጥ አልነካም፤ ከማዕድ ስነሳም ባለቤቴን ይዤ አዳራሹን ከውጭ ሩብ ሰዓት እዞራለሁ። ከምግብ በኋላ መራመድ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። አባቴ ይህን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ እያልኩ የማስበው ሁልጊዜ እዚያች ሩብ ሰዓት ላይ ነው። ስንመለስ ጭፈራው ደርቷል። ከጎንደር የመጡ የሙሽራው አክስቶች ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው ቁጭ ብሎ መቅረት አይችልም፤ ለሁለት ሰዓት ያህል አብሬያቸው ተንቀጠቀጥኩ።

እሑድ የእማዬ ነበር። እማዬ 74 ዓመቷ ነው፤ ከተማዋ በዕድሜ ታንሳታለች። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከቤት የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ እሱንም በባጃጅ። ገብርኤል አስቀድሰን ስንወጣ «ወደ ሐይቁ በእግራችን እንሂድ?» አልኳት። ተቆጣች። «ሰው እያየኝ እንደ ሕፃን ወፌ ቆመች ልትይኝ ነው?» አለች። ክንዷን ያዝኩና ዝም ብዬ ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ መራመድ ጀመረች።

መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ዘንባባ ነው። በእሷ እርምጃ ሄድን። እኔ አንድ ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ተኩል ነው የምሮጠው፤ ያን ያህል መንገድ ከእማዬ ጋር ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ሦስት ቦታ አረፍን። በመጀመሪያው ማረፊያ ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ። በሁለተኛው ስለ አባቴ፤ በመጨረሻው ዓመት ማታ ማታ ይህችኑ መንገድ አብረን እንሂድ እያለ ይለምናት እንደነበርና እሷ ሥራ አለብኝ እያለች እንደቀረች። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ምን ብዬ እንደምመልስላት ስላጣሁ ክንዷን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። በሦስተኛው ማረፊያ ሐይቁ ይታይ ነበር፤ ዝም ብለን አየነው። አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ጠጣን። ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ነበሩ፤ አንዷ ልጇን አቅፋለች፤ እማዬ እሷን እያየች ሾርባዋ በረደ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሲካፈል በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ለእማዬ ቁጥሩን አልነገርኳትም። የወንድሜ ትንሹ ልጅ ግን ሰምቶኝ ኖሮ አሁን ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አያቱን ይዞ ይወጣል። ስልክ ስደውል «ዛሬ እስከ ፋርማሲው ደረስን» ትለኛለች።

የመልሱ ማታ በሰላም አለፈ። የሙሽራው ቤተሰቦች መጡ፤ ተበላ፤ ተጠጣ፤ ተመረቀ። እትዬ እንግዳ እስኪሸኝ ቆመው ነበር። በሌሊት ሳያቸው ግድግዳውን ይዘው ነው የሚራመዱት። የዚያን ጊዜ የሰኞን ዕቅዳችንን ትንሽ አሻሻልነው። እትዬ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሊመለሱ ነበር። «ከእኛ ጋር ይሄዳሉ» አልኳቸው፤ ላንጋኖ እንደምናድር ግን መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው የነገርኳቸው።

ላንጋኖ ዳር ሁለት ክፍል ያዝን። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ ላላወቀው የቆሸሸ ይመስላል፤ ግን ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ሰው የሚዋኘው እዚህ ነው። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ውኃ ገባ። እኔ ሰዓቱን አላየሁም፣ ስልኬን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ። ስነቃ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ፊቴ ላይ የትራሱ ምልክት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በእግሬ ውስጥ የነበረው ክብደት የለም።

ስወጣ እትዬ የልጆቹን ልብስ አጥበው አስጥተዋል። አሁን ደግሞ ክፍሉን ሊጠርጉ መጥረጊያ ይዘዋል። እዚህ መንገድ ላይ በአውቶቡስ ሃምሳ ጊዜ አልፈዋል፤ ወርደው ሐይቁን ያዩት ግን ዛሬ ነው።

«እትዬ፣ አሁን የእርስዎ ተራ ነው» አልኩና መጥረጊያውን ተቀበልኳቸው።

«በቀን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማን?»

ዞር ዞር ብለው አዩ። ግራሩ አለ፤ ሐይቁ አለ፤ ሩቅ ውኃ ውስጥ የልጆቹ ራስ ይታያል። ጫማቸውን አውልቀው በሩ ሥር ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡ። አልጋው ላይ በጎናቸው ተኙ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። እጃቸው ከነጠላው ውጭ ቀረ። ጥፍራቸው ሥር የበርበሬው ቅላት ገና አልለቀቀም።

በሩን ገርበብ አድርጌ ወንበር አመጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ልጆቹ ውኃ እያንጠባጠቡ፣ አንዱ አንዱን እያባረረ፣ ወደ በሩ ሮጡ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

«እትዬ ተኝተዋል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡና በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። ከውስጥ የትንፋሻቸው ድምፅ ይሰማል። ወንበሬን ወደ በሩ ጠጋ አደረግሁ።